ለሌላው የተተወ መስመር፦ የቴሌኮም ኔትወርክ መንገድ ሲመርጥና አቅም ሲያስይዝ

በአንድ የቴሌኮም ኔትወርክ ውስጥ ከአንድ ቦታ ወደ ሌላው የሚያደርሰው መንገድ አብዛኛውን ጊዜ አንድ ብቻ አይደለም። የሰው ድምፅም ይሁን ፎቶግራፍ፣ የባንክ ሐዋላም ይሁን የሐኪም ማዘዣ፣ ከላኪው ተነሥቶ ተቀባዩ ዘንድ እስኪደርስ ድረስ በብዙ መገናኛዎች የሚያልፍ ሲሆን፣ በእያንዳንዱ መገናኛ ላይ ቀጥሎ በየትኛው መስመር እንደሚሄድ መወሰን አለበት። ይህ ውሳኔ ያለ ሰው እጅ፣ በመሣሪያዎቹ ስሌት ብቻ የሚሰጥበት አሠራር አውቶማቲክ የመንገድ መረጣ ይባላል። ከዚሁ ጋር ተያይዞ የሚመጣው ሁለተኛው ጉዳይ ባንድዊድዝ ማስያዝ ነው። ባንድዊድዝ ማለት አንድ መስመር በአንድ ሰከንድ ውስጥ ሊያሳልፈው የሚችለው የመረጃ መጠን ሲሆን፣ ማስያዝ ማለት ደግሞ ከዚህ መጠን የተወሰነውን ክፍል ለአንድ ጥሪ፣ ለአንድ አገልግሎት ወይም ለአንድ ዐይነት ተጠቃሚ አስቀድሞ ለይቶ ማቆየት ነው።

ከሁለቱ መካከል የመጀመሪያው ታላቅ የጥበብ ሥራ፣ ሁለተኛው ግን ተራ የመዝገብ ሥራ መስሎ ይታያል። የዘርፉ የመቶ ዓመት ታሪክ የሚያሳየው ግን ተቃራኒውን ነው። አጭሩን መንገድ መፈለግ በቶሎ የተፈታ ጥያቄ ነበር፤ መሐንዲሶችንና የሒሳብ ሊቃውንትን ለረጅም ጊዜ ያስጨነቃቸው፣ ለአንዱ ጥሪ የሚበጀው መንገድ የሌሎቹን በር የሚዘጋው መቼ እንደሆነ ማወቅ ነበር። ኔትወርኮች መንገድ በመምረጥ በተራቀቁ ቁጥር፣ ምርጫቸውን የሚገታ አንድ ሕግ አብሮ ማስቀመጥ ግድ ሆኗል፤ ይህ ንግግርም በዋነኛነት የሚከተለው የዚያን ሕግ ፈለግ ነው። የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

አጭሩን መንገድ የማግኘት ዘዴ የኔዘርላንዳዊው የኮምፒውተር ሊቅ የኤድስገር ዳይክስትራ ሥራ ነው። ዳይክስትራ ዘዴውን በ1956 ያሰበው አርማክ የተባለው አዲስ ኮምፒውተር ምን መሥራት እንደሚችል ለሕዝብ ለማሳየት በኔዘርላንድ ካሉ 64 ከተሞች መካከል የየትኞቹንም ሁለት ከተሞች አጭር መንገድ እንዲያወጣ በማድረግ ሲሆን፣ ያሳተመው በ1959 ነው። ዘዴው ከመነሻው ጀምሮ እስካሁን ከተደረሰባቸው ሥፍራዎች ሁሉ ቅርብ የሆነውን እየመረጠ፣ ከዚያም ወደ ጎረቤቶቹ የሚያደርሰውን ርቀት እየደመረ መድረሻው ላይ እስኪደርስ የሚቀጥል ነው። ዛሬም በዓለም ላይ ያሉ ብዙ ራውተሮች፣ ማለትም የመረጃ እሽጎችን ተቀብለው ወደሚቀጥለው መስመር የሚያሻግሩ መሣሪያዎች፣ መንገዳቸውን የሚያሰሉት በዚሁ ዘዴ ነው። ዘዴው ግን አንድ ነገር አይጠይቅም፤ በዚያው መንገድ ሌላ ማን እየሄደ እንደሆነ አይጠይቅም።

ያንን ጥያቄ ቀድሞ የጠየቀው ከዳይክስትራ ግማሽ ምዕተ ዓመት አስቀድሞ የነበረው ዴንማርካዊ አግነር ክራሩፕ ኤርላንግ ነው። በ1878 ተወልዶ በ1929 ያረፈው ኤርላንግ በ1908 በኮፐንሀገን የስልክ ኩባንያ ተቀጥሮ፣ በ1909 እና በ1917 ባወጣቸው ጽሑፎች ለቴሌኮም ሳይንስ መሠረት ጣለ። ጥያቄው ሲነገር ቀላል ነው፦ የተወሰነ ቁጥር ያላቸው ደዋዮች፣ ማንም ማንንም ሳያማክር በየራሳቸው ጊዜ የሚደውሉ ከሆነ፣ መስመር አጥቶ የሚመለሰው ደዋይ በቁጥር ትንሽ እንዲሆን ስንት መስመር መዘርጋት ያስፈልጋል? ለመልሱ የትራፊክ መለኪያ ያስፈልግ ነበር፤ በ1946 ዓለም አቀፉ የስልክ አማካሪ ኮሚቴ ይህን መለኪያ በሊቁ ስም ኤርላንግ ብሎ ሰየመው። አንድ ኤርላንግ አንድ መስመር ሰዓቱን ሙሉ ሳያርፍ እንዲያዝ የሚያደርግ ትራፊክ ነው፤ ለምሳሌ እያንዳንዳቸው 3 ደቂቃ የሚፈጁ 20 ጥሪዎች በአንድ ሰዓት ውስጥ ቢደረጉ ድምራቸው 60 ደቂቃ ስለሚሆን አንድ ኤርላንግ ናቸው።

ይህን ያህል ትራፊክ ላለው ቦታ አንድ መስመር ይበቃዋል ብሎ ማሰብ የተፈጥሮ ነው። የኤርላንግ ቀመር ግን፣ መስመር ያጣ ደዋይ ደግሞ ሳይሞክር ይተወዋል ተብሎ ሲሰላ፣ አንድ መስመር ብቻ ቢዘረጋ ከጥሪዎቹ ግማሹ እንደሚመለስ፣ 2 ቢዘረጋ ከ5 ጥሪ አንዱ፣ 3 ቢዘረጋ ከ16 አንዱ፣ 4 ቢዘረጋ ከ65 አንዱ እንደሚመለስ ያሳያል። ምክንያቱም ጥሪዎች ተራቸውን ጠብቀው አይመጡም፤ አንዳንዴ ይደራረባሉ፣ አንዳንዴ ደግሞ መስመሩ ያለ ሥራ ይቀመጣል። ከዚህ የሚበልጠው ግኝት ደግሞ የኅብረት ጥቅም ነው። ከ100 ጥሪ አንድ ብቻ እንዲመለስ ከተፈለገ 10 መስመሮች ሊሸከሙ የሚችሉት 4.5 ኤርላንግ ያህል ሲሆን፣ 100 መስመሮች በአንድነት ሲታሰሩ ግን 84 ኤርላንግ ይሸከማሉ። ይህም ማለት ብቻውን በቆመው ትንሽ ጥቅል ውስጥ ያለ መስመር ግማሽ ቀን ያህል ሥራ ሲፈታ፣ በትልቁ ጥቅል ውስጥ ያለው ግን ሁለት እጥፍ ሊደርስ የተቃረበ ሥራ ይሠራል ማለት ነው። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር የሚለው ተረት በሒሳብ ቋንቋ ሲጻፍ ይህን ይመስላል፤ የቴሌኮም ኔትወርክ በሙሉ የተገነባውም ትንንሹን ትራፊክ ወደ ትልቅ የጋራ ጥቅል በማምጣት ሐሳብ ላይ ነው።

በአሜሪካ ይህን ሐሳብ በሰፊው ሥራ ላይ ያዋለው የኤቲ ኤንድ ቲ የርቀት ስልክ ኔትወርክ ነበር። በ1915 ከኒውዮርክ ሳን ፍራንሲስኮ የሚደርሰው የመጀመሪያው መስመር ሲከፈት አንድ ጥሪ ለማገናኘት አምስት ኦፐሬተሮች 23 ደቂቃ ያህል ይደክሙ ነበር፤ መንገዱን የሚመርጡት እነርሱ ነበሩና። በኅዳር ወር 1951 በኒው ጀርዚ በምትገኘው በኢንግልውድ ከተማ ደንበኞች ራሳቸው ቁጥር መትተው የርቀት ጥሪ ማድረግ ሲጀምሩ ግን የመጀመሪያው ጥሪ ካሊፎርኒያ ለመድረስ የፈጀበት 18 ሰከንድ ብቻ ነው። መንገዱን የመረጠው ማሽን ነበር፤ የመረጠውም በአምስት እርከን በተደራጀ ሥርዓት ሲሆን፣ ከደንበኛው ሰፈር ካለው ማዞሪያ ተነሥቶ በላይኛው ጫፍ አገሪቱን በ10 ቀጣናዎች እስከሚከፍሉት ታላላቅ ማዞሪያዎች ድረስ የሚወጣ ነበር። ጥሪው በቅድሚያ ወደ መድረሻው በቀጥታ የሚሄደውን ትንሽ ጥቅል ይሞክራል፤ እርሱ ከሞላ ወደሚቀጥለው ይተርፋል፤ በመጨረሻም የተረፈው ሁሉ ወደሚጠራቀምበት ትልቁ ጥቅል ይሄዳል። እዚያም ቦታ ከሌለ ደዋዩ መስመር ተይዟል የሚለውን ድምፅ ይሰማል።

የዚህ ሥርዓት ድክመት ግትርነቱ ነበር። የአሜሪካ ምሥራቅና ምዕራብ ዳርቻዎች በሰዓት አቆጣጠር በ3 ሰዓት ይለያያሉ፤ በኒውዮርክ ሥራ ተጀምሮ መስመሩ ሲጨናነቅ በካሊፎርኒያ ገና ንጋት ስለሆነ ወደ ምዕራብ የሚወስዱት መስመሮች ባዶ ናቸው። በሁለት የምሥራቅ ከተሞች መካከል የሚደረገው ጥሪ ወደ ምዕራብ ዞሮ ቢመለስ መንገዱ እጅግ ረጅም ቢሆንም ለደዋዩ የሚሰማው ልዩነት የለም፤ በእርከን የታሰረው ማሽን ግን ይህን እንዲያስብ አልተፈቀደለትም። ኤቲ ኤንድ ቲ ከ1984 ጀምሮ እርከኑን አፍርሶ በቦታው እያንዳንዱ ማዞሪያ በቀኑ ሰዓት የሚለዋወጥ የመንገድ ዝርዝር እንዲይዝ አደረገ፤ በ1991 ደግሞ ዝርዝሩንም ትቶ፣ ከ100 የሚበልጡት ማዞሪያዎች የአንድ ጥሪ ቀጥተኛ መስመር በሞላ ቁጥር እርስ በርስ እንዲጠያየቁ አደረጋቸው። የመነሻው ማዞሪያ የመድረሻውን ማዞሪያ የትኞቹ መስመሮችህ ክፍት ናቸው ብሎ ይጠይቃል፤ የመጣለትን መልስ ከራሱ ክፍት መስመሮች ዝርዝር ጋር ያስተያያል፤ በሁለቱም ላይ ክፍት ሆኖ የተገኘው ከተማ መሸጋገሪያ ይሆናል። ከሁለት መስመር በላይ ግን አንድም ጥሪ እንዲሻገር አይፈቀድም ነበር።

የጉዳዩ ዋና ቁም ነገር ያለው እዚህ ላይ ነው። አንድ ጥሪ ቀጥተኛው መንገዱ ሲሞላ በሦስተኛ ከተማ በኩል ዞሮ እንዲሄድ መፍቀድ ደግ ነገር ይመስላል፤ መስመር ባዶውን ከሚቀመጥ ሰው ቢጠቀምበት ምን ክፋት አለው ይባላልና። ሀ፣ ለ እና ሐ የተባሉ ሦስት ከተሞች እያንዳንዳቸው ከሌሎቹ ጋር በአንድ አንድ መስመር ተገናኝተዋል እንበል። ከሀ ወደ ለ የሚሄደው መስመር ተይዟል፤ ሌላ የሀ ነዋሪ ለ ያለ ዘመዱን ሊያነጋግር ሲደውል ማሽኑ በሐ በኩል አዙሮ ያገናኘዋል። ደዋዩ ተደስቷል። ነገር ግን ይህ አንድ ጥሪ ሁለት መስመሮችን ይዟል፤ ከዚህ በኋላ ከሀ ወደ ሐ የሚደውል ይመለሳል፣ ከሐ ወደ ለ የሚደውልም ይመለሳል። አንዱን ለመርዳት ሁለት ሰዎች በገዛ መስመራቸው እንግዳ ሆኑ። ትልቅ ኔትወርክ ላይ ደግሞ እነዚያ ሁለቱ ዝም ብለው አይመለሱም፤ ማሽኑ ለእነርሱም የዞረ መንገድ ይፈልግላቸዋል፣ ያም እያንዳንዱ ሁለት ሁለት መስመር ይይዛል፣ በዚያም የተነሣ ሌሎች አራት ይፈናቀላሉ።

በ1973 ናካጎሜና ሞሪ የተባሉ ጃፓናውያን ተመራማሪዎች ስቶክሆልም ላይ ባቀረቡት ጥናት እንዳሳዩት፣ እንዲህ ያለው ኔትወርክ በአንድ ዐይነት የጭነት መጠን ሁለት የተለያዩ ኑሮዎች ሊኖሩት ይችላሉ። በአንዱ ኑሮ አብዛኛው ጥሪ በቀጥታ ይሄዳል፣ የሚመለሰውም ጥቂት ነው፤ በሌላው ግን አብዛኛው ጥሪ ዙሪያ ጥምጥም እየሄደ መስመሩን ሁሉ ስለሚይዝ ብዙ ሰው ይመለሳል። የሚያስደነግጠው ነገር፣ ድንገተኛ የጥሪ ጎርፍ ኔትወርኩን ወደ ክፉው ኑሮ ከጣለው በኋላ ጎርፉ ቢያልፍም እንኳ በዚያው ሊቆይ መቻሉ ነው። መሣሪያ አልተበላሸም፣ ገመድ አልተቆረጠም፣ የደዋዩም ቁጥር ከጠዋቱ አልበለጠም፤ ነገር ግን እያንዳንዱ ማዞሪያ ለገዛ ደንበኛው የሚችለውን ሁሉ በማድረጉ ብቻ ሁሉም ተጎድቷል። እርስ በርስ መረዳዳት የሚመስለው ነገር በልክ ካልተያዘ እርስ በርስ መጠላለፍ እንደሚሆን ከዚህ የጠራ ማስረጃ በምሕንድስና ታሪክ ውስጥ ማግኘት ያስቸግራል።

መድኃኒቱ ከበሽታው አንጻር ሲታይ በሚያስደንቅ ሁኔታ ትንሽ ነው። እያንዳንዱ ጥቅል ዞሮ የሚመጣን እንግዳ ጥሪ የሚቀበለው ከተወሰነ ቁጥር በላይ ክፍት መስመር ሲኖረው ብቻ እንዲሆን ይደረጋል፤ የመጨረሻዎቹ ጥቂት መስመሮች ግን በቀጥታ ለሚመጣው፣ ማለትም ለባለቤቱ ጥሪ ይተዋሉ። ብዙ መስመር ባለው ጥቅል ላይ ጥቂት መስመሮችን ብቻ እንዲህ ማቆየት ክፉውን ኑሮ ፈጽሞ ለማጥፋት ይበቃል። ጭነቱ ቀላል በሆነበት ሰዓት ሕጉ መኖሩም አይታወቅም፤ ክፍት መስመር ሞልቷልና እንግዳው ሁሉ ይስተናገዳል። ጭነቱ ሲከብድ ግን ሕጉ በራሱ ይነቃና ዙሪያ ጥምጥሙን ይዘጋል። የተተወው መስመር ባዶ ሆኖ ሲታይ ብክነት ሊመስል ይችላል፤ ነገር ግን ኔትወርኩን በሙሉ ያቆመው ምሰሶ እርሱ ነው።

በ1980ዎቹ የካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ የሒሳብ ሊቃውንት ፍራንክ ኬሊና ሪቻርድ ጊበንስ ከብሪቲሽ ቴሌኮም ተመራማሪው ከፒተር ኪ ጋር ሆነው በዚህ ሕግ ላይ የተመሠረተ አንድ የመንገድ መረጣ ዘዴ ነድፈዋል። በዘዴው መሠረት ጥሪ በቅድሚያ ቀጥተኛውን መስመር ይሞክራል፤ ከሞላ ማዞሪያው ባለፈው ጊዜ በተሳካበት መሸጋገሪያ ከተማ በኩል ይልከዋል፤ ያም እምቢ ካለ ጥሪው ይመለሳል፣ ማዞሪያውም ለሚቀጥለው ጊዜ ሌላ መሸጋገሪያ በዕጣ ይመርጣል። የሚጠያየቅ የለም፣ የሚለካ የለም፣ የአገሪቱን ሁኔታ ሁሉ የሚያይ ማዕከላዊ ኮምፒውተርም የለም። የሠራልህን ያዝ፣ ያልሠራልህን ልቀቅ የሚል ትምህርት ብቻ ነው፤ ሆኖም ለእያንዳንዱ ጥቅል ጥቂት መስመር የማስቀረቱ ሕግ አብሮት ካለ፣ ብዙ መረጃ ከሚሰበስቡት ዘዴዎች የማይተናነስ ውጤት ይሰጣል። ሕጉ ከሌለ ግን የትኛውም የረቀቀ መረጣ አያድንም። ከሁለቱ የቱ እንደሚቀድም ለማየት ይህ ንጽጽር ብቻ በቂ ነው።

ኢንተርኔት ሲመጣ ነገሩ ሁሉ እንደ አዲስ ተጀመረ ማለት ይቻላል። በኢንተርኔት ውስጥ ለአንድ ንግግር ተለይቶ የሚያዝ መስመር የለም፤ መልእክቱ ፓኬት በሚባሉ ትንንሽ እሽጎች ተከፋፍሎ እያንዳንዱ እሽግ አድራሻውን ተሸክሞ በየራሱ ይጓዛል። የዛሬው ኢንተርኔት አያት የሆነው አርፓኔት በ1969 በአራት ጣቢያዎች ሲጀመር፣ እሽጉ በየት በኩል ይሂድ የሚለውን የሚወስኑት በየጣቢያው የቆሙ ኮምፒውተሮች ነበሩ። በ1979 በተሻሻለው አሠራር እያንዳንዱ ጣቢያ በመስመሮቹ ላይ እሽጎች የሚዘገዩትን ጊዜ በየ10 ሰከንዱ አማካይ እየለካ ለሁሉም ያሳውቃል፤ ሁሉም በዳይክስትራ ዘዴ የማይዘገየውን መንገድ ያሰላል። ኔትወርኩ ቀለል ባለ ጊዜ ይህ በጣም ጥሩ ነበር። በከበደ ጊዜ ግን አንድ መስመር ተጨናንቋል የሚለው ዜና ሲሰማ ሁሉም በአንድ ጊዜ ትቶት ወደ ሌላው ይጎርፋል፤ ሌላው ወዲያው ይጨናነቃል፣ የተተወው ደግሞ ባዶ ይሆናል፤ በሚቀጥለው ልኬት ሁሉም ተመልሶ ይመጣል። ጎን ለጎን ካሉት ሁለት መስመሮች ምንጊዜም አንዱ ሥራ ፈት፣ አንዱ የታፈነ ሆኖ ይቀራል። በ1987 የተደረገው ማስተካከያ አዲስ የስሌት ዘዴ አላመጣም፤ ያደረገው መስመሩ ስለ ራሱ የሚያወራውን ወሬ መገደብ ነው። የተጨናነቀ መስመር ዋጋውን ከተወሰነ ጣሪያ በላይ እንዳይሰቅል፣ ከአንድ ልኬት ወደ ሌላውም በአንድ ጊዜ ብዙ እንዳይዘል ተደረገ፤ በዚህም ጥቂቱ ትራፊክ ብቻ እየለቀቀ አብዛኛው በቦታው እንዲረጋ ሆነ።

በዚያው ዘመን ሦስተኛው ልጓም በላኪዎቹ በራሳቸው ላይ ገባ። በጥቅምት 1986 በካሊፎርኒያ የሎውረንስ በርክሌይ ላቦራቶሪንና የበርክሌይ ዩኒቨርሲቲን በሚያገናኘው፣ ርዝመቱ ከ400 ሜትር በማይበልጥ መንገድ ላይ የመረጃው ፍጥነት በሰከንድ ከ32 ሺህ ቢት ወደ 40 ቢት ወረደ። ቫን ጃኮብሰን የተባለው ተመራማሪ ምክንያቱን ሲመረምር ላኪ ኮምፒውተሮቹ የጠፋባቸውን እሽግ ለመተካት ደግመው ደጋግመው ስለሚልኩ መንገዱን ራሳቸው እንደዘጉት ተገነዘበ፤ መፍትሔውም እሽግ በጠፋ ቁጥር ላኪው ፍጥነቱን እንዲቀንስ ማድረግ ሆነ።

ላኪው ፍጥነቱን መቀነሱ ለደብዳቤና ለፋይል ይበጃል፤ ለሰው ድምፅ ግን አይሆንም፤ ንግግር ዛሬ ግማሹ፣ ነገ ግማሹ አይደርስምና። ስለዚህ በ1990ዎቹ አቅም የማስያዝ ጥያቄ በኢንተርኔት ውስጥ እንደገና ተነሣ። በ1997 የጸደቀው አርኤስቪፒ የተባለ ፕሮቶኮል፣ ማለትም መሣሪያዎች የሚነጋገሩበት የጋራ ደንብ፣ ነገሩን በሁለት መልእክት ይፈጽመዋል። የመጀመሪያው መልእክት ከላኪው ተነሥቶ በሚያልፍበት ራውተር ሁሉ ዱካውን እየተወ ተቀባዩ ዘንድ ይደርሳል፤ ሁለተኛው በዚያው ዱካ ወደ ኋላ እየተመለሰ በየራውተሩ ይህን ያህል ባንድዊድዝ ይያዝልኝ እያለ ይጠይቃል። ከመካከላቸው አንዱ ራውተር የለኝም ካለ ጥያቄው ይወድቃል። የተያዘው አቅም ቋሚ አይደለም፤ በየ30 ሰከንዱ ያህል ይታደሳል፣ እድሳቱ በተከታታይ ከቀረ ደግሞ ራሱ ይለቀቃል፤ ይህም ላኪው ድንገት ቢጠፋ መስመሩ ታግቶ እንዳይቀር የሚያደርግ ብልኅ አሠራር ነው። ሆኖም አርኤስቪፒ ለእያንዳንዱ ንግግር በመላው ኢንተርኔት የታሰበለትን ያህል አልተስፋፋም። በአንድ ትልቅ ራውተር ውስጥ በአንድ ጊዜ የሚያልፈው ንግግር እጅግ ብዙ ስለሆነ የእያንዳንዱን ውል ማስታወስ ለመሣሪያው ከባድ ሸክም ነበር፤ አንዱ ኩባንያ የሌላው ኩባንያ ደንበኛ ባዘዘው መሠረት የራሱን አቅም እንዲያስይዝ የሚያደርገውም ነገር አልነበረም።

ሐሳቡ ዳግመኛ የተወለደው በቴሌኮም ኩባንያዎች ጓዳ ውስጥ ነው። በ2001 የጸደቀው ኤምፒኤልኤስ የተባለው አሠራር እያንዳንዱ እሽግ ኔትወርኩ በር ላይ ሲደርስ አጭር የመለያ ቁጥር እንዲለጠፍበት ያደርጋል፤ ከዚያ በኋላ ያሉት ራውተሮች ሙሉውን አድራሻ ሳይመረምሩ ያንን ቁጥር ብቻ አይተው ያሻግሩታል። መለያው አስቀድሞ በተቀየሰ መንገድ ላይ ስለሚመራ፣ የአንድ ከተማ የሞባይል ድምፅ በሙሉ ወይም የአንድ ባንክ ቅርንጫፎች ትራፊክ በሙሉ እንደ አንድ ጥቅል ተቆጥሮ መንገድና አቅም ሊያዝለት ይችላል። በዚያው ዓመት አርኤስቪፒም ተሻሽሎ የዚህ አገልጋይ ሆነ። የመንገድ ምርጫውም እንዲህ ነው፦ ኩባንያው ለአንድ ጥቅል 4 ጊጋቢት በሰከንድ ሲፈልግ፣ የመነሻው ራውተር በቅድሚያ ያን ያህል ያልተያዘ አቅም የሌላቸውን መስመሮች ከካርታው ላይ ይሰርዛል፤ ከዚያ በቀረው ካርታ ላይ የዳይክስትራን ዘዴ ያስኬዳል። አንድ ሰው እንግዳ የሚያስተናግድ ቤት ሲፈልግ የሞሉትን በሮች አልፎ ከቀሩት መካከል ቅርቡን እንደመምረጥ ነው።

ይህም ቢሆን መረጣው ለየራስ ስለሆነ ብቻ የሚመጣው ችግር አልቀረም። በሁለት ከተሞች መካከል እያንዳንዳቸው 10 ጊጋቢት የሚያሳልፉ ሁለት መስመሮች አሉ እንበል፤ 4፣ 4፣ 6 እና 6 ጊጋቢት የሚጠይቁ አራት ጥቅሎችም አሉ። ድምራቸው 20 ስለሆነ ልክ በልክ ይበቃቸዋል። ነገር ግን ሁለቱ ባለ 4 ቀድመው መጥተው ሁለቱም በመጀመሪያው መስመር ላይ ከሰፈሩ፣ ቀጥሎ የመጣው ባለ 6 ሁለተኛውን መስመር ይይዛል፤ የመጨረሻው ባለ 6 ሲመጣ በአንዱ 2፣ በሌላው 4 ጊጋቢት ብቻ ተርፎ ያገኛል። በጠቅላላው 6 ጊጋቢት ባዶ እያለ 6 የጠየቀው ቦታ የለህም ይባላል። ከባለ 4ቹ አንዱ ቢዘዋወር ሁሉም ይገባ ነበር፤ ነገር ግን እያንዳንዱ ራውተር የሚያስበው ለራሱ ጥቅል ስለሆነ ተነሥ የሚለው የለም። በ2006 አጠቃላይ አወቃቀሩ የተቀረጸው መንገድ አስሊ ማዕከል፣ ካርታውን በሙሉ ይዞ ስለ ሁሉም ጥቅሎች በአንድነት እንዲያስብ የተደረገው በዚህ ምክንያት ነው።

ስለ አቅም ማስያዝ ሲነገር ብዙ ጊዜ የሚዘለል አንድ ነገር እዚህ ሊነሣ ይገባል። በኤምፒኤልኤስ ውስጥ የሚደረገው ማስያዝ በመሠረቱ የመዝገብ ቅነሳ ነው፤ ራውተሩ ካለኝ 10 ላይ 4 ተይዟል ብሎ ይጽፋል እንጂ በመስታወት ገመዱ ውስጥ አጥር አይሠራም። 4 ያስያዘው ጥቅል 7 ቢልክ፣ ለብቻው የሚቆጣጠር ሌላ ደንብ ካልተጨመረ በስተቀር፣ መዝገቡ ብቻውን አያስቆመውም። ስለዚህ ትክክለኛ ሥራ የሚሠራው ማስያዙ፣ ልኬቱና ወረፋው ሲቀናጁ ነው። የአራተኛው ትውልድ ሞባይል ድምፅን በኢንተርኔት እሽግ ሲያስተላልፍ ለእያንዳንዱ ጥሪ ፍጥነቱ የተረጋገጠ የተለየ መተላለፊያ የሚከፍተው፣ ጥሪው ከዩቲዩብ ቪዲዮ ጋር በአንድ ወረፋ ቢቆም ቃላቱ እየተቆራረጡ ስለሚደርሱ ነው።

የማዕከላዊ ስሌት ከፍተኛ ደረጃ የታየው ጉግል በ2013 ይፋ ባደረገው ቢ4 በተባለው የግል ኔትወርኩ ላይ ነው። የኢንተርኔት ኩባንያዎች የርቀት መስመሮቻቸውን እንደ ልማድ ከ30 እስከ 40 በመቶ ብቻ ሲጠቀሙ፣ ቢ4 አንዳንድ መስመሮቹን እስከ 100 በመቶ ሊደርስ በተቃረበ መጠን፣ በአማካይም 70 በመቶ ያህል ይጠቀም ነበር። ይህ ድንቅ ውጤት ነው፤ ነገር ግን እንዳለ ተገልብጦ ለሕዝብ ቴሌኮም ይሆናል ማለት ስሕተት ይሆናል። በቢ4 ላይ የሚላከው አብዛኛው መረጃ ከአንድ የመረጃ ማዕከል ወደ ሌላው የሚገለበጥ ቅጂ ስለሆነ ቆይ ሲሉት ይቆያል፤ ላኪውም ኔትወርኩም የአንድ ባለቤት ናቸው። የታመመ ልጅ ይዛ የምትደውልን እናት ግን ቆይ የሚላት ማንም የለም፤ ባዶ ሆኖ የሚጠብቃት አቅም ያስፈልጋታል።

መንገድ መምረጥ መንገድ ባለበት ነው። ኢትዮጵያ የባሕር በር ስለሌላት ከዓለም ጋር የሚያገናኟት የፋይበር መስመሮች በየብስ ተጉዘው በጅቡቲና በኬንያ በመሳሰሉ ጎረቤት አገሮች በኩል ወደ ባሕር ሥር ገመዶች ይደርሳሉ፤ በሮቹ በጣት የሚቆጠሩ ናቸው። በፋሲካና በእንቁጣጣሽ ዋዜማ ከዋሽንግተን፣ ከቴል አቪቭና ከሪያድ ወደ አገር ቤት የሚደወለው ሁሉ፣ በስልክ ጥሪም ይምጣ በኢንተርኔት መተግበሪያ፣ የሚገናኘው በእነዚሁ ጥቂት በሮች ላይ ነው። በሩ ጥቂት በሆነበት አገር የረቀቀ መረጣ የሚጨምረው ጥቅም ውስን ሲሆን፣ ለማን ምን ያህል ይቀመጥ የሚለው ውሳኔ ግን ክብደቱ እጥፍ ድርብ ይሆናል።

የፋይበር ገመድ በቁፋሮ ሲበጠስ የተዘጋጀ ኔትወርክ በ50 ሚሊ ሰከንድ ውስጥ ትራፊኩን ወደ ተለዋጭ መንገድ ያዞራል፤ ቀጥሎም እያንዳንዱ የመነሻ ራውተር በተረፈው መስመር ላይ ለጥቅሎቹ አዲስ ቦታ ይፈልጋል። ቦታው ለሁሉም ካልበቃ የሚፈርደው ከ0 እስከ 7 የሚሄድ የቅድሚያ ቁጥር ነው፤ 0 ያለው 7 ያለውን አስነሥቶ ይቀመጣል፣ 7 ያለው ግን ማንንም ማስነሣት አይችልም። ገመዱ በተበጠሰበት ቅጽበት የሚጠየቅ ሰው አይኖርም፤ ማሽኑ የሚፈጽመው ከወራት በፊት አንድ መሐንዲስ የጻፈውን ነው። መሐንዲሱ ቁጥሩን ሳይጽፍ ካለፈ፣ በሰፊው ሥራ ላይ ያሉት ራውተሮች ለቦታ ጠያቂው በራሳቸው የሚሰጡት ቁጥር 7 ነው፤ የሆስፒታል መስመርም ቢሆን ማንም ያላሰበበት ከሆነ የሚሰለፈው በዚሁ ቁጥር ነው።